ኤዲተርን ለአንድ ዎርክስቴሽን አርክቴክቸር ኮንፊገር ማድረግ ምንድን ነው?

ኢማክስ የሚባለውን የጽሁፍ ኤዲተር፣ ስፓርክ በሚባል ፕሮሰሰር ለሚሰሩት አሮጌ የሰን ዎርክስቴሽኖች (ጠንከር ያሉ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች) ስለመገንባት ደጋግሜ የማየው ምክር አለ። አንድ ሰው "ኢማክስን ከሶርስ ኮዱ ለአሮጌ የሰን ስፓርክ ዎርክስቴሽን መገንባት ፈልጌ ነበር" ብሎ ሲጠይቅ ወዲያው አንዱ ይመጣና "ቀላል ነው፣ ኮንፊገር ስታደርግ ታርጌት በሚለው ፍላግ ስፓርክ ብለህ ስጠው፣ ከዛ ሜክ በል፣ አለቀ" ይለዋል። ልክ አይደለም፣ እና የሚያናድደው ደግሞ ምንም ስህተት ሳያሳይ ማለፉ ነው። ሰውየው ላፕቶፑ ላይ ያስኬደዋል፣ ኮንፊገር ዝም ብሎ ይቀበለዋል፣ ባይናሪው (የሚሮጠው ፋይል) ይወጣል፣ ስፓርኩ ላይ ወስዶ ሊያስነሳው ሲል እንቢ ይላል፣ ከዛ "ኢማክስ ስፓርክ ላይ አይሰራም" ብሎ ይተወዋል። ያንን ባይናሪ ፋይል በሚባለው ትዕዛዝ ቢያየው ኖሮ ኤክስ86-64 የሚል ያገኝ ነበር፣ ማለትም የራሱ የላፕቶፑ ነው እንጂ የስፓርክ ነገር አልደረሰበትም።

ኮምፓይል ማለት ሶርስ ኮዱን ወደ ማሽን ኮድ መቀየር ነው፣ ሜክ ደግሞ ያንን ስራ ፋይል በፋይል የሚያስኬደው ነው፣ ከዛ በላይ ያለውን ልዝለለው። ኮንፊገር ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው የማሽን መምረጫ አይደለም፣ ልኬት የሚወስድ ስክሪፕት ነው። ልብስ ሰፊ አስቡ። ሶርስ ኮዱ ጨርቁ ነው፣ የሚሰፋው ኮምፓይለሩ ነው፣ ከስፌቱ በፊት ሜትር ይዞ ትከሻና ወገብ የሚለካው ኮንፊገር ነው። አለካኩም እንዲህ ነው፦ ትንሽዬ የሲ ፕሮግራም ይጽፋል፣ ለኮምፓይለሩ ይሰጣል፣ ካለፈች "ይሄ ፈንክሽን አለ" ብሎ ይመዘግባል፣ ካላለፈች "የለም" ይላል፣ ወደ ሚቀጥለው ይሄዳል። ሎንግ ስንት ባይት ነው፣ ፖይንተርስ፣ ባይቶቹ ከትልቁ ጫፍ ነው ከትንሹ የሚጀምሩት፣ የኤክስ (ዩኒክስ ላይ መስኮቶችን የሚያሳየው ሲስተም) ላይብረሪዎች የት ናቸው እያለ ይቀጥላል። ውጤቱ ኮንፊግ ዶት ኤች እና ሜክፋይል ላይ ይጻፋል፣ እያንዳንዷ ሙከራ ደግሞ ከነስህተቷ ኮንፊግ ዶት ሎግ ውስጥ ትቀራለች። ስለዚህ የስፓርክ ኮድ ማውጣት የማይችል ኮምፓይለር ይዛችሁ ኮንፊገርን የፈለጋችሁትን ብትነግሩት የስፓርክ ባይናሪ አይወጣም፣ ለኪው ሰፊውን አይቀይረውም እኮ።

አሁን ሦስቱ ፍላጎች። ቢልድ ሰፊው የተቀመጠበት ማሽን ነው፣ ማለትም ኮምፓይለሩ የሚሮጥበት። ሆስት ልብሱን የሚለብሰው ነው፣ ፕሮግራሙ ተሰርቶ ካለቀ በኋላ የሚሮጥበት። ታርጌት የሚያስፈልገው ደንበኛው ራሱ ሰፊ ሲሆን ብቻ ነው፣ የምትገነቡት ነገር እንደ ጂሲሲ ያለ ኮምፓይለር ወይ አሴምብለር ሲሆን "አንተስ ለማን ነው የምትሰፋው" ተብሎ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ኤዲተር ለማንም አይሰፋም። እዚህ ጋ አንዱ "ኢማክስ ከቨርዥን 28 ጀምሮ ሊስፑን (አብዛኛው ኢማክስ የተጻፈበትን ቋንቋ) ወደ ማሽን ኮድ ይቀይር የለ እንዴ" ብሎ ተከራክሯል። አዎ ይቀይራል፣ 2022 ላይ የወጣው 28 ያንን በጂሲሲ ጂት ላይብረሪ በኩል ያደርጋል፣ ግን የሚቀይረው እሱ ራሱ ለሚሮጥበት ማሽን ነው፣ እሱ ደግሞ ሆስት ነው፣ ታርጌት አሁንም የሚገባበት ቦታ የለም።

"እሺ ታርጌቱን ወደ ሆስት ልቀይረው" ብትሉም በዛ ብቻ አይበቃም። ሆስት ላይ የምትሰጡት ስም ፕሮሰሰር፣ አምራች፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተብሎ የተያያዘ ነው፣ ለምሳሌ ስፓርክ-ሰን-ሶላሪስ2.6፣ እና ኮንፊገር ይሄን ስም ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው ስሙ ከፊቱ የተለጠፈበት ጂሲሲ ሲስተሙ ላይ መፈለግ ነው። ካጣው ተራውን ጂሲሲ ያነሳና፣ ቢልድንም አብራችሁ ሰጥታችሁት ከሆነ፣ የክሮስ መሳሪያዎቹ (አንድ ማሽን ላይ ሆነው ለሌላ ማሽን የሚገነቡት) የሆስቱ ስም ከፊታቸው የለም የሚል ማስጠንቀቂያ አንዴ አሳይቶ ያልፋል። ያቺ መስመር ከመቶ ምናምን መስመር መሀል ስለሆነች ማንም አያያትም፣ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ግን እሷ ጋ ነው። ዎርክስቴሽኑ ላይ ቁጭ ብላችሁ የምትገነቡ ከሆነ ደግሞ ከናካቴው ምንም ስም አትስጡ፣ ኮንፊግ ዶት ገስ የሚባለው ስክሪፕት የሲስተሙን ማንነት የሚናገረውን ዩኔም የሚባል ትዕዛዝ ጠይቆ ራሱ ያውቀዋል።

ለፍትህ ያህል፣ ይሄ ማሽን የመምረጥ ሀሳብ ከሜዳ አልመጣም፣ ድሮ እውነት ነበር። ኢማክስ 18 ላይ ኮንፊገር የሚባል አልነበረም፣ ኮንፊግ ዶት ኤችን በእጅ ከፍታችሁ አንድ የሲስተም ፋይል አንድ የማሽን ፋይል መርጣችሁ ታስገቡ ነበር። 1993 ላይ ኢማክስ 19 ከኮንፊገር ጋር ሲመጣም የማሽኑን ስም ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ከስሙ ተነስቶ እነዛኑ ፋይሎች ይመርጣል። ለካ ማለት ሳይሆን "ይሄ ሰውዬ እንትና ከሆነ ትከሻው ይሄን ያህል ነው" ብሎ ከመዝገብ ማውጣት ነው።

መዝገቡ ውስጥ ምን ነበር ለሚል አንድ ላሳያችሁ። በ19.29 ቨርዥን ጊዜ ኢማክስ በ32 ቢት ማሽን ላይ አንድን የሊስፕ እሴት ሲይዝ የላይኞቹን ቢቶች ለዓይነቱ ይወስዳቸውና ለአድራሻው 28 ይቀሩታል። የኤችፒ ፒኤ-ሪስክ ዎርክስቴሽን ላይ ግን ዳታው የሚጀምረው ከአድራሻ 40000000 ነው፣ በሄክስ (በ16 መሰረት አቆጣጠር)፣ ያቺ 4 ደግሞ ልክ የተወሰዱት ቢቶች ላይ ነው የምታርፈው። ስለዚህ የማሽን ፋይሉ ውስጥ "ፖይንተሩን (የሜሞሪ አድራሻውን) ስትፈታ ይቺን ቁጥር መልሰህ ጨምርባት" የሚል አንድ መስመር ነበረች። እሷ ከሌለች እያንዳንዱ ፖይንተር የተሳሳተ ቦታ ያመለክታል። የ28 ቢቱ ነገር ሌላም መዘዝ ነበረው፣ ከ128 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይከፈትም፣ እንደ ዴክ አልፋ ያለ 64 ቢት ማሽን ላይ ግን ይሄ ጣሪያ አልነበረም። የማሽን ፋይሎቹ ቀስ በቀስ በኮንፊገር ልኬቶች እየተተኩ ሄደው በ24ዎቹ ቨርዥኖች ጊዜ ወጡ። የ1990ዎቹን መመሪያ አንብቦ ዛሬ የሚመክር ሰው ይሄን ነው የሚያምታታው።

ትክክለኛ የክሮስ ኮምፓይለር አላችሁ እንበል። ሌላኛው ኤዲተር ቪም ከሆነ ይቻላል፣ ልብስ ለባሹ ሩቅ ነው ግን ልኬቱን በደብዳቤ ይልካል፣ ማለትም ኮንፊገር ሆስቱ ላይ ማስኬድ የማይችላቸው ጥቂት ሙከራዎች ስላሉ የነሱን መልስ እናንተው ቀድማችሁ ትሰጡታላችሁ፣ ካልሰጣችሁት ስጡኝ የሚል ስህተት አሳይቶ ይቆማል። ኢማክስ ግን ስፌቱ መሀል ላይ ልብሱን ካልለካሁት የሚል ዓይነት ነው። መጀመሪያ ቴማክስ የሚባል ባዶ ባይናሪ ይገነባል፣ ከዛ ያ ባይናሪ እዛው ይነሳና የሊስፕ ፋይሎቹን ሜሞሪ ላይ ጭኖ ያንን ሜሞሪ ወደ ፋይል ይጽፈዋል፣ ዳምፕ የሚባለው እሱ ነው። የስፓርክ ቴማክስ ላፕቶፕ ላይ አይነሳም፣ ግንባታው እዛ ጋ ይቆማል። ድሮ ዳምፑ ራሱ ለየባይናሪ ፎርማቱ የተለየ ኮድ ነበረው፣ ለኤልፍ ሌላ፣ ለኮፍ ሌላ፣ ለአልፋ ሌላ። 2020 ላይ በወጣው 27 ፖርተብል ዳምፐር ተተካ፣ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ግን ፖርተብል የሆነው ኮዱ ነው፣ የሚወጣው ዳምፕ አይደለም፣ ከአንድ ባይናሪ ጋር የታሰረ ነው ሌላው አይቀበለውም። የአንድሮይዱ የ30 ቨርዥን በክሮስ የሚገነባውም መጀመሪያ ለቢልድ ማሽኑ ሌላ ኢማክስ ገንብቶ፣ ዳምፑን ደግሞ ስልኩ ላይ እስኪነሳ አቆይቶ ነው። ለአሮጌ ዎርክስቴሽን ምክሬ ግልጽ ነው፣ ጊዜ ቢወስድም እዛው ማሽኑ ላይ ገንቡት።

"ለማሽኔ ኮንፊገር ሳደርገው ይፈጥናል" የሚለውም አለ። ኮንፊገር ለፕሮሰሰራችሁ ሞዴል አያፈጥንም፣ ያ የኮምፓይለር ፍላግ ስራ ነው፣ ማርች ኔቲቭ የሚባለው። እሱን ከሰጣችሁ ባይናሪውን ወደ አሮጌ ፕሮሰሰር ስትወስዱት ኢሊጋል ኢንስትራክሽን ብሎ ሊሞት ይችላል፣ የኤዲተር ትርፉ ደግሞ ትንሽ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቁልፍ እስክትነኩ ነው የሚጠብቀው።

አንድ የሶርስ ዲሬክተሪ በኔትወርክ ለተለያዩ ዎርክስቴሽኖች የምታካፍሉ ከሆነ ደግሞ ሶርሱ ውስጥ ኮንፊገር አታድርጉ። ለየማሽኑ ባዶ ዲሬክተሪ ክፈቱና ከዛ ውስጥ ሆናችሁ የሶርሱን ኮንፊገር ጥሩት። ሶርሱ ውስጥ ቀድሞ ከተደረገ ሜክ ዲስትክሊን ብላችሁ የቀድሞውን ውጤት አጽዱ፣ የቆየ ኮንፊግ ዶት ካሽ ካለም አጥፉት፣ የሌላ ሰው ልኬት የተጻፈበት ወረቀት ነው። እርዳታ ስትጠይቁም ኮንፊግ ዶት ሎግን ከላይ ጀምሮ አያይዙ፣ የሰጣችሁት ትዕዛዝና ዩኔም የመለሰው እዛው መጀመሪያው ላይ አሉ።