የቤት ዲሽ በአዳማ፦ ነፋስ፣ ዝናብና የላላ ብሎን

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚመጣን ሰው ገና ከሩቅ ነጫጭ የነፋስ ተርባይኖች ይቀበሉታል። አዳማ አንድ 34 ተርባይኖች አሉት፤ አቅሙ 51 ሜጋ ዋት ነው። አዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖችና 153 ሜጋ ዋት አለው። ቦታው ለዚህ ሥራ የተመረጠው ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ ነው። ይኸው ነፋስ ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ በየጣሪያው የቆመውን ዲሽ ቀን ከሌት ይገፋዋል። ስለዚህ እዚህ ከተማ የዲሽ ነገር የሚጀምረው ሳህኑን ከያዘው ብረት ነው። ሪሲቨሩ በኋላ ይደርሳል።

ዲሽ ራሱ ቀላል ነገር ነው። ከሰማይ የሚመጣውን ደካማ ሞገድ ሰብስቦ ፊቱ ላለው ኤልኤንቢ፣ ማለትም ሞገዱን ተቀብሎ በገመድ ወደ ሪሲቨሩ ለሚልከው ትንሽ መሣሪያ፣ ይመልሳል፤ በቃ። ሳተላይቱ ግን ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። እዚያ ድረስ የ1 ዲግሪ ስህተት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ያስታል። ባለ 90 ሴንቲ ሜትር ሳህን በ1 ዲግሪ ሲዞር የሚሰበስበው ኃይል በግማሽ ገደማ ይወርዳል። 1 ዲግሪ ለመዞር ደግሞ ጠርዙ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ቢንቀሳቀስ ይበቃል። የጣት ውፍረት እንኳን አይሞላም። አንድ ብሎን ትንሽ ሲላላ ቤቱ ሁሉ ቴሌቪዥን አልባ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቀድሞ አብዛኛው የአዳማ ዲሽ ወደ ምዕራብ ያይ ነበር። የኢትዮጵያ ቻናሎች ናይልሳት በተባለው የግብፅ ሳተላይት ላይ ስለነበሩ ነው። ኢትዮሳት የተባለው የኢትዮጵያ ቻናሎች የሳተላይት አገልግሎት ሲመጣ ቻናሎቹ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ሄዱ። ሳህኖችም ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ። ችግሩ ብዙዎቹ በጥድፊያ ነው የዞሩት። ሳህኑን የተሸከመው ቱቦ ያው፣ ብሎኑ ያው፣ ገመዱም ያው ሆኖ ፊቱ ብቻ ተቀየረ።

ከአዳማ ሲታይ ኢትዮሳት ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ጠጋ ብሎ፣ ወደ 67 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ማለትም አናት ላይ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ናይልሳት በምዕራብ በኩል 36 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በዓይን ብቻ መፍረድ ግን ያሳስታል። አብዛኛው የቤት ሳህን ሞላላ ነው፤ ኤልኤንቢውም ከታች በኩል ነው የተያዘው። እንዲህ ያለ ሳህን ፊቱ ከሚቀበልበት አቅጣጫ 20 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ሁለቱን ሳተላይቶች በአንድ ሳህን ለመያዝ የሚሞክር ሰውም አለ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሰፊ ስለሆነ አይሆንም። ሁለት ሳህንና ከሁለቱ አንዱን ለሪሲቨሩ የሚመርጥ አንድ ስዊች ያስፈልጋል።

ወደ ብረቱ እንመለስ። በጣም የተለመደው ስህተት ዲሹን ቆርቆሮ ላይ ማሰር ነው። ቆርቆሮ በነፋስ ይርገበገባል፤ ዲሹም አብሮት። ሚስማሩ የገባበት ቀዳዳ እየሰፋ ይሄድና ክረምት ሲመጣ ጣሪያው ያፈሳል። ብሎኬት ላይ በስቶ ማሰርም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። ፊሸሩ የሚይዘው ቀጭን ግድግዳ ብቻ ስለሆነ ነፋስ እየወዘወዘ ያላላዋል። ጭቃ ቤት ላይማ ጭራሽ አይሞከርም። አጥብቆ የሚይዘው የኮንክሪት ኮለን ወይም ሶሌታ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን፣ ግቢ ላለው ሰው ከሁሉም የሚሻለው መሬት ላይ መትከል ነው። ኢትዮሳት ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ጣሪያ ላይ መውጣት ግድ አይደለም። 3 ሜትር የሚሆን አጥር ከዲሹ 1 ሜትር ተኩል ራቅ ካለ አይጋርደውም። ለናይልሳት ቢሆን ከ4 ሜትር በላይ መራቅ ያስፈልግ ነበር። ጉድጓድ ቆፍሮ ቱቦውን በሲሚንቶ መትከል፣ ሲሚንቶው እስኪጠና ጥቂት ቀን መታገስ፣ ከዚያ ሳህኑን መስቀል። ነፋሱም መሬት አካባቢ ይቀንሳል። ለጥገናም መሰላል አያስፈልግም። ልጆች በኳስ እንዳይመቱት ቦታ መምረጥ ነው እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ኮንዶሚኒየም ላይ ነገሩ ይለያል። በረንዳ ውስጥ የተተከለ ዲሽ ከላይ ያለው ሶሌታ ይከልለዋል፤ ስለዚህ ወደ ውጭ ጠበቅ ባለ ክንድ መውጣት አለበት።

ቱቦው የትም ይተከል የት፣ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ግንበኞች የሚይዙት ውሃ ልክ ወይም ቱምቢ ይበቃል። ቱቦው ካዘመመ ሳህኑን ወደ ጎን ባዞራችሁት ቁጥር ከፍታውም አብሮ ይቀየራል። ዲሽ ሠሪው ግማሽ ቀን ሲግናል ፍለጋ ሲንከራተት ካያችሁት መጀመሪያ ቱቦውን እዩ።

የተበላሸን ዲሽ ለማወቅ ጣሪያ ከመውጣት በፊት ቁጭ ብሎ መታዘብ ይጠቅማል። ምስሉ የሚቆራረጠው ነፋስ ሲነሳ ብቻ ከሆነ የላላ ነገር አለ። ዶፍ ሲጥል ጠፍቶ ሲያባራ ከተመለሰ የማንም ጥፋት አይደለም። ከባድ ዝናብ ሞገዱን ይመጠዋል። በካፊያ የሚጠፋ ከሆነ ግን ዲሹ ቀድሞውንም አቅጣጫውን ስቷል፤ በደህናው ቀን የሚያየው በትርፍራፊ ሲግናል ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላም ሰዓታት ቆይቶ፣ ፀሐይ ሲመታው ብቻ የሚመለስ ከሆነ ኮኔክተሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ግማሹ ቻናል ሠርቶ ግማሹ እምቢ ሲል ደግሞ ገመዱን፣ ስዊቹን ወይም ኤልኤንቢውን ጠርጥሩ። ቻናሎቹ የሚመጡት በቁም ወይም በአግድም በሚርገበገብ ሞገድ ነው፤ ሪሲቨሩ ለቁም ሞገድ 13 ቮልት፣ ለአግድም 18 ቮልት በገመዱ ይልካል። ገመዱ ከደከመ 18ቱ ሳይደርስ ይቀራል፤ አግድሞቹ ቻናሎች ይጠፋሉ።

ሪሲቨሩ ሲግናሉን የሚያሳይባቸው ሁለት መስመሮች፣ ስትሬንግዝ (ጉልበቱ) እና ኳሊቲ (ጥራቱ)፣ እነሱም ብዙ ይናገራሉ። ስትሬንግዝ ኖሮ ኳሊቲ ዜሮ ከሆነ፣ በአብዛኛው ገመዱና ኤልኤንቢው ደህና ናቸው፤ አቅጣጫው ነው የተሳሳተው። ስትሬንግዙም ከሌለ ገመዱ ተበጥሷል ወይም ኤልኤንቢው ሞቷል። ዲሽ ሲስተካከል መታየት ያለበት ኳሊቲው ነው። በስትሬንግዝ ተደስቶ የሚወርድ ዲሽ ሠሪ ሥራውን አልጨረሰም።

እኔ ራሴ ሁለት ክረምት ሙሉ ሪሲቨሬን ስጠራጠር ቆይቻለሁ። አንዴም ቀየርኩት። በኋላ ኤልኤንቢው ላይ ያለው ኮኔክተር ሲፈታ ውሃ ጠብ አለ። ተካዩ ፌስታል ጠቅልሎ በስኮች አስሮት ነበር የሄደው። ፌስታል ውሃውን ያስገባዋል፤ ለማስወጣት ግን አይፈቅድም። በጣም ተናድጄ ነበር፤ ምክንያቱም ደህና የጎማ ቆብ ወይም በጥንቃቄ የተጠመጠመ ናስትሮ ይበቃው ነበር።

ጥገናው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ። ገመዱ በኃይል ላይ እያለ ከተነካካ ሪሲቨሩን ሊያቃጥለው ይችላል። የገመዱን ጫፍ የጠቆረው አልቆ የሚያበራው መዳብ እስኪታይ ድረስ ቁረጡት። አዲስ ኮኔክተር ግጠሙ። ከዙሪያው ሽቦ አንዲት ክር እንኳን መሐል ያለውን መዳብ እንዳትነካ። ገመዱ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል፣ ወደ ውስጥ አይከተልም። ገመዱ ከ30 ሜትር በላይ ከሆነ አጭር መንገድ ፈልጉለት። ከመብራት መስመር አጠገብ ግን የብረት ቱቦ ይዞ መቆም አይገባም፤ ሰው ይሞታል።

ሳህኑ ወደ ምሥራቅ ሲዞር ኤልኤንቢውም በያዘው ማቀፊያ ውስጥ መዞር አለበት። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የሚያስፈልገው መዘንበል ብዙ ነው። ብዙ ሠሪዎች ይህን ይዘሉታል። ማቀፊያውን ትንሽ አላልቶ በቀስታ እያዞሩ ኳሊቲው ከፍ ያለበት ላይ ማቆም ነው። የዛገ ሳህን መቀባትም ይቻላል፤ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ አይሁን እንጂ። የሚያብረቀርቅ ሳህን የፀሐይን ሙቀት ሰብስቦ ኤልኤንቢው ላይ ያሳርፈዋል።

ስለ ፀሐይ ካነሳን፣ በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት፣ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ልክ ከኢትዮሳት ኋላ ትቆማለች። ለጥቂት ደቂቃ ምስሉ ይጠፋል። ያኔ ዲሹን መነካካት አያስፈልግም። ይልቅስ ወጥታችሁ ሳህኑን እዩት። የማንጎ ቅርንጫፍ ወይም የጎረቤት ግድግዳ ጥላ አርፎበት ካገኛችሁ፣ ሲግናሉን የሚከለክለው እሱ ነው። ከዚህ የተሻለ መለኪያ በፋይንደርም (በሲግናል መፈለጊያ መሣሪያም) አይገኝም።

ሁሉም ሲያልቅ ዳዶዎቹን በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ ማጥበቅ ነው። አንዱን ብቻ እስከ መጨረሻው ካጠበቁት ሳህኑ ይዞራል። ከዚያ ቱቦውና ሳህኑን ከቱቦው ጋር የሚያስረው ማቀፊያ በሚገናኙበት ቦታ ላይ አንድ መስመር በቀለም አስምሩ። ነፋሱ ሲያባራ መስመሩ ከተሰበረ ዲሹ መዞሩን ከታች ሆናችሁ ታያላችሁ።