ቮልቴጅ ድሮፕ ምንድን ነው? «12 ቮልት ደርሷል» ለሚሉ ሁሉ

«12 ቮልት ደርሷል፤ ስለዚህ ገመዱ ጤነኛ ነው፤ ሞተሩን ቀይረው።» ሶኬቱን ነቅሎ በቴስተር የለካ ሁሉ የሚሰጠውን ይህን ምክር መስማት ሰልችቶኛል። ሰሞኑን አንዱ በዚሁ ምክር የሚኒቫኑን የተንሸራታች በር የመስኮት ሞተር አስቀየረ። ብሩም ወጣ፣ መስታወቱም እንደ ድሮው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። በቀጥታ ወደዚህ «12 ቮልት» ወደሚሉት ነገር ልግባ።

ቮልቴጅ ድሮፕ ማለት ኤሌክትሪኩ ሥራው ቦታ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚበላ ቮልቴጅ ነው። የሚበላው ገመዱ፣ ማያያዣው፣ ማብሪያው ወይም ማሳው (በመኪናው ቦዲ በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው መንገድ) ነው። ትንሽ መበላቱ አይቀርም። ግን ከረንት (የኤሌክትሪኩ ፍሰት) ካልሄደ የሚበላ ነገር የለም። ሁሉም ሰው የሚስተው እዚህች ጋ ነው።

ሮቶ ባለበት ቤት ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ሮቶው ከላይ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወደ ታች የሚወርደው ቱቦ ግን በዝገት ሊደፈን ምንም አልቀረውም። ቧንቧው እንደተዘጋ ግፊቱን ብትለኩ ከጤነኛው ቱቦ ጋር እኩል ነው። ስትከፍቱት ጠብ ጠብ ይላል። ሶኬቱን ነቅላችሁ በዲጂታል ቴስተር ስትለኩ፣ ቧንቧውን ዘግታችሁ ለካችሁ ማለት ነው። የቴስተሩ የውስጥ ሬዚስታንስ (ከረንትን የሚያግድበት መጠን፣ በኦም የሚለካ) አብዛኛውን ጊዜ 10 ሜጋ ኦም ነው። ከ12 ቮልት የሚስበው አንድ ማይክሮ አምፔር ከምናምን ብቻ ነው።

«ቴስተር አይዋሽም» ብሎ የተከራከረኝ አለ። አልዋሸም! የተጠየቀውን መለሰ። የተጠየቀው ግን «ማንም ሳይስብ ስንት አለ?» የሚል ነበር።

በቁጥር እንየው። 55 ዋት የሃሎጂን የፊት መብራት ወደ 4.6 አምፔር ይስባል። መንገዱ ላይ ዝገት 1 ኦም ቢጨምር፣ አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ወደ 9 ቮልት አካባቢ ይወርዳል። መብራቱ ቢጫ ይሆናል። ያው ዝገት ሶኬቱ ተነቅሎ ሲለካ ቴስተሩ ላይ ምልክትም የለውም። ሞተሪኖ (የመኪናውን ሞተር የሚያስነሳው) ላይ ደግሞ ይብሳል። 150 አምፔር እየሳበ 0.01 ኦም ብትጨምሩበት 1.5 ቮልት ጠፋ። ይህችን 0.01 ኦም ተራ ቴስተር አያያትም፤ የራሱ ገመዶች እንኳ ከዚያ ይበልጣሉ። ስለዚህ «በኦም ለካሁት፣ ዜሮ ነው» የሚለውም መልስ አይደለም።

አሁን ማሳ። ብዙ ሰው ፖዘቲቩን ለክቶ ይሄዳል፤ ማሳውን ዞር ብሎ አያየውም። ሮቶውን ትንሽ ልለጥጠው። ቤት ውስጥ የፍሳሽ ቱቦው ሲደፈን የአንዱ መታጠቢያ ውሃ በሌላው በኩል ይወጣል አይደል? የኋላ መብራት ማሳ ሲዝግም እንደዚያው ነው። ፍሬን ስትረግጡ ፍሬቻው አብሮ ፈዘዝ ብሎ ይበራል። ከረንቱ መመለሻ ሲያጣ በሌላው አምፖል በኩል ዞሮ ይሄዳል። ልዩነቱ፣ የቤት ፍሳሽ ወደ ሮቶው አይመለስም፤ መኪና ላይ ግን የወጣው ሁሉ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። ምሳሌዬ እዚህ ላይ አለቀ። እኛ ሜሪላንድ ያለን ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ማሳው ቦዲው ላይ የታሰረበትን ብሎን ፍቱት፤ ከሥሩ ዝገት ነው። ብርጭቆ ወረቀት ይበቃዋል።

አለካኩ ቀላል ነው። ሶኬቱን አትንቀሉ። መብራቱን አብሩት። ጥቁሩን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን ከሶኬቱ ጀርባ የአምፖሉ ማሳ ላይ አድርጉ። ወደ ዜሮ የተጠጋ ማየት አለባችሁ፤ ለማሳ ቢበዛ 0.1 ቮልት ነው። ከዚያ በፖዘቲቩ በኩልም ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ አምፖሉ ፖዘቲቭ ድገሙት። ለምሳሌ ባትሪው 12.4፣ አምፖሉ ላይ 9.1፣ በፖዘቲቩ 0.2፣ በማሳው 3.1 ካያችሁ ሒሳቡ ተዘጋ። አምፖሉም ገመዱም ምንም አልሆኑም፤ ሌባው ማሳው ነው።

ወደዚያ መስኮት ልመለስ። ወደ ተንሸራታች በሩ የሚገባው የገመድ ጥቅል በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋል። ልጆች ያሉበት ቤት በሩ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈት አስቡት። ላዩ ላስቲክ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ግን አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። አንዲት ክር ብትተርፍ እሷም 12 ቮልት ታሳያለች። ሞተሩ ሲስብባት ነው ጉዷ የሚወጣው። ስለዚህ አንድ ሰው የመስኮቱን ማብሪያ ይጫን፣ ሌላው እየለካ ጥቅሉን ያነቃንቅ።

አንዳንድ ነገር ሳልል እንዳላልፍ። የቴስት አምፖል ከዲጂታል ቴስተር ይሻላል፣ ምክንያቱም ትንሽም ቢሆን ይስባል። ግን የመኪናው ኮምፒውተር መስመር ላይ አትሰኩት። በኮምፒውተር የሚበራ መብራት ኤሌክትሪኩ በፍጥነት እየተቆራረጠ የሚሰጠው ከሆነ፣ ቴስተሩ የሚያሳየው አማካዩን ነው፤ 7 ቮልት አየሁ ብላችሁ ገመድ አትቁረጡ። ቢጫ ሶኬት የኤርባግ ነው፣ አይነካም። ከ2021 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው የቶዮታ ሲየና ሚኒቫን በሙሉ ሃይብሪድ ነው፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሄድበትን ብርቱካናማ ገመድ ከነጭራሹ ተዉት።

ይህ ሁሉ ልክ የሚሆነው ደግሞ ባትሪው ደህና ከሆነ ነው። ሥራ የሌለበትና የሞላ ባትሪ ወደ 12.6 ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር ባትሪው ምሰሶ ላይ ከ9.6 በታች ከወረደ፣ ድሮፕ ከመፈለጋችሁ በፊት ባትሪውን ቻርጅ አድርጋችሁ አስፈትሹት።