አፈወርቅ ተክሌ፦ የሰው ፊት ሠዓሊ

ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ በሥዕል፣ በሐውልት፣ በሞዛይክና በባለቀለም መስታወት የሠሩ ኢትዮጵያዊ የጥበብ ሰው ናቸው። ስማቸው ሲነሣ ብዙው ሰው የአፍሪካ አዳራሽን መስታወት ያስባል። በሥራቸው ሁሉ ግን ቀድሞ ዓይን የሚገባው የሰው ፊት ነው፤ ይህ ዳሰሳም የሚያያቸው በዚያ በኩል ነው። ቀናቱና ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

በጥቅምት 1932 በሸዋ፣ አንኮበር ተወለዱ። ልጅነታቸው በጣሊያን ወረራ ዘመን አለፈ። በ1947 የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። ከመሄዳቸው በፊት ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ቀርበው ነበር። ስትመለሱ የአውሮፓን ፎቅ ርዝመትና የመንገዱን ስፋት ሳይሆን ሀገር የምትሠሩበትን ሙያ ይዛችሁ ኑ ተብለው አደራ መቀበላቸውን ኋላ ያስታውሱ ነበር። አደራውን የጠበቁት በብሩሽ ነው። የሥዕል ተሰጥኦዋቸውን ያዩ መምህራን ስላበረታቷቸው ምሕንድስናውን ትተው ለንደን በሚገኘው ሴንትራል የኪነ ጥበብና የዕደ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። በስሌድ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እንደነበሩ ይነገራል።

ተመልሰው በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእያቸውን አሳዩ። ከዚያ ባገኙት ገንዘብ እንደገና አውሮፓ ወርደው ባለቀለም መስታወት አሠራር ተማሩ፤ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎችም መረመሩ። የገዛ አባቶቻችንን እጅ ለማየት ባሕር መሻገር ማስፈለጉ ያሳዝናል፤ ጉዞው ግን ፍሬ አፍርቷል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይኑ። አፈወርቅ በሣሏቸው ሰዎች ላይ የሚታዩት ትልልቅና ረጋ ያሉ ዓይኖች የዚያ ትውፊት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የሠሯቸው የግድግዳ ሥዕሎችና ሞዛይኮችም በዚህ ዓይን ቢታዩ መልካም ነው።

በ1961 በአዲስ አበባ የተከፈተው የአፍሪካ አዳራሽ የአርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ ሲሆን የአፈወርቅ መስታወት 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ሥራው በሦስት ተከፍሎ የአፍሪካን ትናንት፣ ትግሏንና ተስፋዋን ያሳያል። ተስፋን በሚያሳየው ክፍል የሀገር ልብስ የለበሰ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ችቦ ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ ሌሎች አፍሪካውያን ይከተሉታል። ብርሃኑ ከውጭ ሲገባ የሰዎቹ ፊት ከውስጥ የበራ ይመስላል። በሸራ ላይም ይህንኑ አመጡት፤ በሥዕሎቻቸው ብርሃን እንደ ተሰበረ መስታወት በሰያፍ ተከፋፍሎ በሰውነት ላይ ያርፋል። በግንቦት 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው።

ከሸራ ሥራዎቻቸው ስመ ጥሮቹ «የመስቀል አበባ» እና «እናት ኢትዮጵያ» ናቸው። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን በሥነ ጥበብ ዘርፍ ተቀበሉ። ሠዓሊዎቹ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ተመሳሳዩን ሽልማት ያገኙት ከእርሳቸው በኋላ ነው። ከነዚህ ሁለቱ ጋር እያነጻጸሩ የአፈወርቅን ሥራ ለቤተ መንግሥት የቀረበና ያጌጠ የሚሉ አሉ። ነቀፌታው ሥፍራ ቢኖረውም፣ የእናት ኢትዮጵያን ፊት ቆም ብሎ ላየ ሰው ጌጥ ብቻ ነው ማለት ይከብዳል።

በደርግ ዘመን ሀገራቸውን ሳይለቁ ሠርተዋል።

ራሳቸውን የሣሉበት ሥዕል በፍሎረንስ ኡፊዚ ቤተ መዘክር እንደገባና ይህም ለአፍሪካዊ ሠዓሊ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። «የዓለም ሎሬት» የሚለውን ማዕረግ አንዳንዶች አይቀበሉትም፤ ሕዝቡ ግን በዚሁ ይጠራቸዋል። ከነካባቸው ያያቸው ሰውም አይረሳቸውም። መኖሪያቸውና ስቱዲዮአቸው የነበረውን ቪላ አልፋን የነደፉት ራሳቸው ናቸው፤ የጎንደር ግንብ መንፈስ ይታይበታል።

ሚያዝያ 10 ቀን 2012 በአዲስ አበባ አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ሐረር የነበረው በፈረስ ላይ ያለው የራስ መኮንን ሐውልታቸው በ2020 በነበረው ሁከት ፈረሰ። የአፍሪካ አዳራሽ ግን ታድሶ በጥቅምት 2024 ተከፍቷል፤ ችቦ የያዘው ቤተሰብም ከነመስታወቱ ተጠግኖ በቦታው ቆሟል።