ማንኮራፋትና መላዎቹ፦ ከጎንደር የተሰባሰበ አጠቃላይ ዳሰሳ

ማንኮራፋት በእንቅልፍ ጊዜ የጉሮሮ ጡንቻ ሲላላና የአየር መንገዱ ሲጠብ የሚወጣ ድምፅ ነው። የሚርገበገቡት ለስላሳው ላንቃ፣ እንጥልና የጉሮሮ ግድግዳ ናቸው። ጎንደር ላይ ነገሩ ከጤና ይልቅ የጨዋታ ርዕስ ነው። ለጥምቀት እንግዳ በየቤቱ ሞልቶ ፍራሽ መሬት ላይ ሲነጠፍ፣ ጠዋት ቡና ላይ ማን ሲያንኮራፋ እንዳደረ መነሳቱ አይቀርም። ተከሳሹም ሁሌ ይክዳል።

ለብዙ ሰው መላው የሚጀምረው ከአተኛኘት ነው። በጀርባ ሲተኙ ምላስ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በጎን መተኛት ይህን ይቀንሳል። ሳያውቀው በጀርባው ለሚገለበጥ ሰው፣ የሌሊት ልብሱ ጀርባ ላይ ኪስ ሰፍቶ ኳስ መክተት የታወቀ ዘዴ ነው። ውጭ አገር የቴኒስ ኳስ ይጠቀማሉ፤ ለእኛ የልጆች የጨርቅ ኳስ ይበቃል። ትራስ መደራረብ አንገትን ስለሚያጥፍ፣ በአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር ጣውላ ማድረግ ይሻላል።

መጠጥ ሌላው ነው። አረቄም ሆነ ጠጅ የጉሮሮን ጡንቻ ይበልጥ ያላላል። ስለዚህ ከመኝታ በፊት ባሉት ሦስት አራት ሰዓታት አለመጠጣት ይመከራል። ከማኅበር ሞቅ ብሎት የተመለሰ ሰው ሌሊት ቤቱን ቢያናውጥ አይገርምም። የእንቅልፍ ኪኒንም እንዲሁ ያደርጋል። ሲጋራ ደግሞ ጉሮሮን ያሳብጣል።

የሰውነት ክብደት ትልቁ ጉዳይ ነው። አንገት ላይ የተጠራቀመ ስብ የአየር መንገዱን ይጫነዋል። አሜሪካ ውስጥ ዊስኮንሲን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ክትትል እንዳሳየው፣ ክብደት በ10 በመቶ ሲቀንስ በእንቅልፍ ውስጥ የሚከሰት የትንፋሽ መቋረጥ ወደ 26 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

አፍንጫ ሲታፈን ቤት ውስጥ ዳማከሴና የባሕር ዛፍ እንፋሎት ይቀድማሉ። እንፋሎቱ ለጊዜው ያቀላል፤ የጉሮሮን ጥበት ግን አይነካም። ከፋርማሲ የሚገዛ የአፍንጫ መክፈቻ ጠብታ ከጥቂት ቀናት በላይ ከተወሰደ መልሶ አፍንጫን ይደፍናል።

እንጥል ማስቆረጥ ላይ ግን ማለባበስ አያስፈልግም። በአካባቢያችን ሕፃናትን በባህላዊ መንገድ እንጥል ማስቆረጥ የቆየ ልማድ ነው። ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ ቴታነስ፣ በተጋራ ምላጭ ደግሞ ኤችአይቪ ሊያስከትል ይችላል። ልጅ በየሌሊቱ የሚያንኮራፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያበጠ ቶንሲል ወይም አድኖይድ (ከአፍንጫ ጀርባ ያለ እጢ) ነው። ይህን ማየት ያለበት የአንገት በላይ ሐኪም ነው። ለአዋቂ እንጥልንና የላንቃን ጠርዝ የሚያነሳ የሆስፒታል ቀዶ ሕክምና አለ። እሱም ቢሆን ሁሉን አያድንም፤ ከዓመታት በኋላ ድምፁ የሚመለስባቸው አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ጤና ኮሌጁ ሳይነገር አይታለፍም። በደንቢያ ብዙ ሰው የጨረሰውን የወባ ወረርሽኝ ተከትሎ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የአሜሪካ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አግዘውታል። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) በቡድን እየሠለጠኑ ወደ ገጠር ወጡ። ሐሳቡ በሽታው ሆስፒታል ሳይደርስ መከላከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕዚሹ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪም ማሠልጠን ተጀመረ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። አዲስ አበቦች ሊከራከሩ ይችላሉ፤ እኛ ግን አንጋፋው እንለዋለን። ለማንኮራፋትም የሚያዋጣው የዚያው ትምህርት ቤት ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ልማድ ይስተካከላል፤ ቢላዋ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ልማድ ብቻ የማይፈታው የእንቅልፍ አፕኒያ ነው። ትንፋሽ ለ10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይቋረጣል፤ ሰውየው ታፍኖ ይባንናል። ቀን ቀን ይደብተዋል፣ ጠዋት ራሱን ያመዋል። የደም ግፊትም አብሮ ይታያል። በሰዓት ከ5 እስከ 15 መቋረጥ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። ሾፌር ከሆነ መንገድ ላይ ማንቀላፋቱ ለሌላውም ስለሚተርፍ፣ ባለቤቱ ጎትታም ቢሆን ሐኪም ጋ ትውሰደው። ዋናው ሕክምና ሲፓፕ የሚባለው፣ በጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ሲድኒ ውስጥ ኮሊን ሰሊቫን የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው ነው። በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ቀለል ላለው ችግር የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚይዝ፣ የጥርስ ሐኪም የሚያስተካክለው የአፍ መሣሪያ አለ።

የጉሮሮና የምላስ ልምምድም ተስፋ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የስዊዘርላንድ ጥናት፣ ዲጀሪዱ የተባለውን የአውስትራሊያ መለከት ዘወትር መንፋት ማንኮራፋት ላለባቸው ሰዎች እንደሚረዳ አመልክቷል። ጎንደር መለከትና እምቢልታ አያጣም። ዜማም አያጣም፤ ግን ለማሕሌት ሌሊቱን ቆመው የሚያድሩት ሊቃውንቶቻችን መች እንቅልፍ አግኝተው ያንኮራፋሉ!

ከፍታም ይነሳል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል። ይህ ብቻውን ያን ያህል አያስጨንቅም ይባላል። ወደ ስሜን ተራሮች ወጥቶ ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር ገደማ ላይ ለሚያድር ቆላማ ሰው ግን፣ እያቋረጠ የሚሄድ ትንፋሽ ሊታይበት ይችላል። ይህ ጉሮሮ በመዘጋቱ ሳይሆን የአእምሮ የትንፋሽ ቁጥጥር በኦክስጅን ማነስ በመዛባቱ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የጀርባ ኳሱ እዚያ አይረዳም። ቀስ ብሎ መውጣት፣ አረቄና የእንቅልፍ ኪኒን መተው፣ ካስፈለገም ሐኪም የሚያዘውን አሴታዞላማይድ የተባለ መድኃኒት መውሰድ ነው የሚሻለው።