የሥራ መነጽር ላይ የታተሙት ፊደላትና ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው?

ባሕር ዳር ውስጥ በርና መስኮት ወደሚሠሩ የብረታ ብረት ቤቶች ጎራ ስል፣ በፀሐይ መነጽር የሚበይዱ ልጆች አያለሁ። በጣም ያሳስበኛል። መስታወቱ ስለጠቆረ ብቻ ዓይን አይጠብቅም።

መጀመሪያ መስታወቱና ፍሬሙ ላይ የታተመውን ፈልጉ። «ዜድ 87» የአሜሪካ ደረጃ ነው። አጠገቡ የመደመር ምልክት ካለ፣ በፍጥነት ተወርውሮ የሚመጣ ነገር እንዲቋቋም ተፈትኗል ማለት ነው። ምልክቱ ከሌለው ግራይንደር ላይ አትመኑት።

«ኢኤን 166» ደግሞ የአውሮፓ ነው። ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። «ኤፍ» የሚል ፊደል ያለው በሴኮንድ 45 ሜትር የምትበር ትንሽ የብረት ኳስ ይቋቋማል። «ቢ» 120 ሜትር፣ «ኤ» 190 ሜትር። መስታወቱ «ቢ»፣ ፍሬሙ «ኤፍ» ቢሆንስ? የሚታሰበው በዝቅተኛው ነው፤ «ኤፍ» ብላችሁ ያዙት። ተራ ቅርጽ ያለው መነጽር ከ«ኤፍ» አያልፍም። «ቢ» ከፈለጋችሁ ፊት ላይ ግጥም የሚለውን ጎግል፣ «ኤ» ከሆነ ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን ግዙ።

ብየዳ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ የሚታየው የጥቁረት ቁጥር ነው። ለኤሌክትሪክ ብየዳ እንደ አምፔሩ በአብዛኛው ከ9 እስከ 13 ያስፈልጋል። የፀሐይ መነጽር አጠገቡም አይደርስም። ብረት ይዞ የሚያግዘውን ልጅም አትርሱት፣ ብርሃኑ እሱንም ያገኘዋል።

ወጪው የማነው ለምትሉ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያውን የማቅረብ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው።