አንቲሂስታሚን ምንድን ነው? ከኦፕሬሽን በፊትስ ለምን ይሰጣል?

«ከኦፕሬሽን በፊት አንቲሂስታሚን ከተወጋችሁ ምንም ዓይነት አለርጂ አይነሳባችሁም፤ ሳይወጋችሁ የሚያስገባችሁ ባለሙያ ቸልተኛ ነው።» ይህን የጻፈው ሰው ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ግን ጽሑፉን ሰዉ እየተቀባበለው ነው፣ ታካሚዎችም ይህንኑ ይዘው ይመጣሉ። አንዳንዱ ለማንም ሳይናገር ቤቱ ሴትሪዚን የሚባለውን አንቲሂስታሚን ውጦ «ተዘጋጅቻለሁ» ይላል። ሥራዬ ማደንዘዣ መስጠት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሂስታሚን ከውጭ የሚገባ መርዝ አይደለም። ሰውነታችን ራሱ ሠርቶ በዋናነት ማስት ሴል በሚባሉ ሕዋሳት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሲለቀቅ ደም ሥር ይሰፋል፣ ቆዳ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ የመተንፈሻ ቱቦ ይጠባል። ጨጓራ ውስጥ አሲድ እንዲመነጭ ያደርጋል። አንጎል ውስጥ ደግሞ ነቅተን እንድንቆይ ይረዳል፤ እንደ ፕሮሜታዚን ያሉት የቆዩ መድኃኒቶች እንቅልፍ እንቅልፍ የሚሉን ለዚህ ነው።

አንቲሂስታሚን ሂስታሚንን አያጠፋም። ሥራው ሂስታሚን ሕዋስ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ፣ ማለትም ወንበሩን፣ መያዝ ነው። ታክሲ አስቡ። ሂስታሚን ተሳፋሪ ነው፤ እሱ ሲቀመጥ ታክሲው ይነሳል፣ ማሳከኩና እብጠቱ ይመጣል። አንቲሂስታሚን ቀድሞ ገብቶ ወንበሩን ይይዛል፣ ታክሲውን ግን አያስነሳም። ሂስታሚኑ ታዲያ የትም አልሄደም፤ ውጭ ተሰልፏል፣ ሰልፉ በጣም ከረዘመም ተጋፍቶ ወንበር ያገኛል። ታክሲው ከሄደ በኋላ የደረሰ አንቲሂስታሚን ደግሞ የሄደውን አይመልስም። መስመሩም አንድ አይደለም። ኤች-1 ወደ ቆዳና ወደ መተንፈሻ ቱቦ ነው፣ ኤች-2 በዋናነት ወደ ጨጓራ፤ የአንዱን ወንበር የያዘ የሌላውን አልያዘም። ከሁሉ የሚብሰው ግን አናፊላክሲስ የምንለው አደገኛ አለርጂ ሲነሳ ማስት ሴሎቹ ሂስታሚን ብቻ አለመልቀቃቸው ነው። ሉኮትሪን አለ፣ ፕሮስታግላንዲን አለ፣ ሌሎችም አሉ፤ ሁሉም በየራሳቸው ታክሲ ይሄዳሉ፣ አንቲሂስታሚን እዚያ ድርሽ አይልም።

አናፊላክሲስ ላይ የመጀመሪያው መድኃኒት አድሬናሊን የሆነው ለዚህ ነው። የላላውን ደም ሥር ያጠብቃል፣ የጠበበውን የመተንፈሻ ቱቦ ይከፍታል፣ ማስት ሴሎቹ ተጨማሪ እንዳይለቁም ይገታል። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ደግሞ ታካሚው ተኝቷል፣ «አሳከከኝ» አይልም። በጨርቅ ተሸፍኗል፣ ሽፍታው አይታይም። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምናየው የደም ግፊቱ ድንገት ሲወርድ ነው፤ ወይም አየር የምንሰጥበት ባግ እጃችን ላይ እየጠነከረ አልጨመቅ ሲል። ቀድሞ የተወሰደ አንቲሂስታሚን ሽፍታውን ሊደብቅብን ይችላል፣ የግፊቱን መውረድ ግን አያስቀርም።

ታዲያ ለምን ይሰጣል? ፕሮሜታዚን አንዳንዴ ለማረጋጋትና ማስመለስን ለመቀነስ ይሰጣል። (ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ እስከ መግደል ይደርሳል፤ ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ትንፋሽ ሊያዳክም ስለሚችል አይሰጥም።) ሲሜቲዲንና ፋሞቲዲን የኤች-2 ናቸው፣ የምንሰጣቸውም ለአለርጂ ሳይሆን ለጨጓራ አሲድ ነው። ሜንደልሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1946 እ.ኤ.አ. ማደንዘዣ በተሰጣቸው ወላዶች ላይ የጨጓራ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ሲገባ ምን እንደሚያደርስ ጽፏል፤ ዛሬም በኦፕሬሽን የምትወልድ እናት ላይ የምንጠነቀቀው ለዚያ ነው። መድኃኒቱ አሲዱን ይቀንሳል እንጂ የተበላውን አያወጣም፣ ስለዚህ «አትብሉ» ስንል አትብሉ።

ፓክሊታክሰል ለሚባለው የካንሰር መድኃኒት አንቲሂስታሚን ከዴክሳሜታሰን ጋር አስቀድሞ ይሰጣል፤ ጸሐፊው ምናልባት ከዚያ ሰምቶት ይሆናል። ያ ግን ሁሉም ኦፕሬሽን ላይ አይሠራም።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልጨምር። ማስታገሻው ሞርፊንና ጡንቻ የሚያላላው አትራኩሪየም እውነተኛ አለርጂ ሳይኖር ማስት ሴልን በቀጥታ ነክተው ሂስታሚን ያስለቅቃሉ፣ ቶሎ ቶሎ ከተወጉ ይብሳል። ሞርፊን የተወጋበት ክንድ ላይ የደም ሥሩን ተከትሎ ቀይ መስመር ይወጣል፣ ያሳክካል፣ ከዚያ ይጠፋል። ይህን ያየ ሰው ካርዱ ላይ «የሞርፊን አለርጂ» ብሎ ይጽፋል፤ ከዓመታት በኋላ ያው ታካሚ እግሩ ተሰብሮ ሲመጣ የሚገባውን ማስታገሻ ይከለከላል። በኦፕሬሽን ለምትወልድ እናት በጀርባ የተሰጠ ሞርፊን የሚያመጣው ማሳከክ ደግሞ ሌላ ነው፤ በዋናነት ከነርቭ ስለሚመጣ አንቲሂስታሚን ብዙም አይረዳውም፣ እናትየዋን ያስተኛታል እንጂ።

ለቆዳ ሽፍታ በየቀኑ አንቲሂስታሚን የምትወስዱ ከሆነ በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ንገሩን ብቻ። ቀደም ብሎ የሚቋረጠው ለአለርጂ የቆዳ ምርመራ ነው። ከዚህ በፊት መድኃኒት አስቸግሯችሁ ከሆነ ደግሞ «አለርጂ አለብኝ» ብላችሁ አታቁሙ። የመድኃኒቱን ስም፣ ምን እንደሆናችሁ፣ ከተሰጣችሁ በስንት ደቂቃ እንደጀመረ፣ አድሬናሊን ተወግታችሁ እንደነበር ንገሩን። እውነተኛ አለርጂ ከሆነ ያንን መድኃኒት ትተን በሌላ እንተካዋለን፤ እሱኑ ሰጥተን አንቲሂስታሚን አንደርብበትም።