ጽሑፍን በሼል ስክሪፕት ማረም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በብዙ የአማርኛ ፋይሎች ውስጥ በአራት ነጥብ (።) ቦታ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተመትቶ (፡፡) ይገኛል። ይህን ፋይል በፋይል እየከፈቱ ማረም ቀናት ይወስዳል፤ ሴድ (sed) የተባለው የሼል ትእዛዝ ግን (ሼል ኮምፒውተርን በጽሑፍ የምናዝበት ፕሮግራም ነው) ፋይሎቹ መቶ ቢሆኑም በአንድ መስመር ይጨርሰዋል። አርታኢዎችን ከዚህ መሣሪያ ያራቃቸው በአብዛኛው የሚከተሉት የተሳሳቱ ግምቶች ይመስሉኛል።

«የፕሮግራመሮች ሥራ ነው።» ሴድ በ1970ዎቹ ሊ ማክማሆን በቤል ላብስ የሠራው የጽሑፍ ማረሚያ ሲሆን፣ በሊኑክስና በማክ ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኖ ይመጣል። ዎርድ ላይ ፈልጎ መተካትን የለመደ ሰው ዋናውን ሐሳብ አስቀድሞ ያውቀዋል።

«አማርኛን ያበላሻል።» ሥጋቱ መነሻ አለው፤ ጥፋቱ ግን የሴድ አይደለም። ፊደላችን የዓለም ፊደላትን ለኮምፒውተር በቁጥር በሚወክለው ዩኒኮድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የገባ ሲሆን፣ ቁጥሮቹ ፋይል ላይ በሚጻፉበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ስልት እያንዳንዱ ሆሄ በ3 ባይት (ባይት የኮምፒውተር አነስተኛ የማከማቻ ክፍል ነው) ይቀመጣል። ሴድ ሠን በሰ እንዲተካ ሲታዘዝ ሦስቱን ባይቶች አንድ ላይ ይፈልጋል። በሊኑክስ ላይ የተለመደው፣ አንዱን ምልክት በሌላ የሚተካው ቲአር (tr) የተባለ ትእዛዝ ግን ባይቶቹን ለየብቻ ስለሚያይ፣ የመጨረሻ ባይታቸው ከሠ ጋር አንድ የሆነውን አን እና በን ጭምር ይለውጣቸዋል፤ «አዲስ አበባ» የነበረው «ኰዲስ ኰተባ» ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ለአማርኛ ቲአርን ትቶ ሴድን መያዝ ይገባል።

«አንድ ስሕተት ፋይሉን ያጠፋዋል።» ሴድ ካልታዘዘ በቀር ውጤቱን ስክሪን ላይ ያሳያል እንጂ ፋይሉን አይነካም። ፋይሉ ላይ እንዲጽፍ የሚያደርገው «አይ» (-i) የተባለው አማራጭ ነው፤ ከአማራጩ ጋር ቅጥያ አያይዘው ቢጽፉለት ደግሞ የቀድሞውን ቅጂ ያስቀርልዎታል። በእርግጥ የሚያጠፋው ውጤቱን በቀስት ምልክት (>) ወደዚያው ፋይል መላክ ነው፤ ሴድ ማንበብ ሳይጀምር ሼሉ ፋይሉን ባዶ ያደርገዋልና።

«የዎርድ ሰነድንም እንዲሁ ያርማል።» አያርምም፤ የዎርድ ፋይል የታመቀ ጥቅል ስለሆነ አስቀድሞ ወደ ተራ ጽሑፍ መለወጥ አለበት።

«ሞክሼ ሆሄያትን በአንድ ትእዛዝ ወጥ ማድረግ ይቻላል።» እንደ ሠ እና ሰ ያሉ ድምፃቸው አንድ የሆነ ሆሄያትን የሚያስተካክል ትእዛዝ መጻፍ ቀላል ነው፤ ከሁሉ አብልጬ የምጠነቀቀው ግን እዚህ ላይ ነው። ሠን ሁሉ በሰ የሚለውጥ ስክሪፕት፣ በጽሑፉ መካከል የግእዝ ጥቅስ ካለ፣ ፀሐይ መውጣቷን የሚናገረውን «ሠረቀ» የሌባ ሥራ ወደ ሆነው «ሰረቀ» ይቀይረዋል። ስለሆነም ከመተካት በፊት ሠ ያለባቸውን መስመሮች ግሬፕ (grep) በተባለው የፍለጋ ትእዛዝ አውጥቶ ማንበብ፣ ከተተካም በኋላ አሮጌውንና አዲሱን ፋይል ልዩነት በሚያሳየው ዲፍ (diff) ማመሳከር ያስፈልጋል።